ከቁጥር የማይገባ ሽንኩርት

አባዬ ሌላ ሴት እንዳለችው የሰማሁት ሽንኩርት ስለቅም ነው።

ዕቃ ቤታችንን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነበር። ጣውላው ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ሳሎን የተተነፈሰ ሁሉ ዕቃ ቤት ይሰማል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፤ እኔ ጆንያ አንጥፌ ጠንካራውን ሽንኩርት በአንድ በኩል፣ የለሰለሰውን በሌላ በኩል እለያለሁ። ሳሎን ውስጥ አባዬ፣ እማዬና አጎቴ አሉ።

አጎቴ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። ከተማ ተምሮ በግብርና መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ «ባለሙያው» ይለዋል፤ ግማሹ በኩራት፣ ግማሹ በአሽሙር። ሲመጣ ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። ያን ቀን ግን ኪሱን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ።

«ወንድምዓለም፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ። «አርጅታለች።»

«እሷ?» አለ አባዬ።

«እሷ ናታ! ጉልበቷ አልቋል። ድሮ ትሰጥህ የነበረውን አሁን ትሰጥሃለች?»

«ለእኔ ትበቃኛለች።»

«ደግሞ ትንሽ ናት። ትንሽ ናት እኮ! በእሷ ዙሪያ ስትሽከረከር ዕድሜህ አለቀ።»

«አባታችን ነው የሰጠኝ» አለ አባዬ። «ሳላገባ ነው የሰጠኝ። ሚስቴም ይህን አውቃ ነው የመጣችው።»

እጄ ላይ የነበረው ሽንኩርት ወደቀ። አያቴን አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። ሳሎን በተሰቀለው ፎቶው ግን ደግ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ለካ እናቴ ሳትመጣ ለልጁ ሌላ ሴት ሰጥቶት ኖሯል!

ከዚያ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገችው። «ሁለታችሁም ስሙኝ» አለች። «እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ።»

ይሄኛው ጭራሽ ግራ አጋባኝ። ሴትዮዋ ብትሄድላት ግልግል አይደለም እንዴ? እማዬ ምን ቤት ናት ተከትላ የምትሄደው? እናቴን ደግነት ጅል አድርጓታል ብዬ ደመደምኩ። ዓይኔ ያነባል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በነገሩ አልለየሁም።

አጎቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ተናገረ። «ኢኮኖሚ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይጠራል። ኢኮኖሚው ደክሟል፣ ኢኮኖሚውን መደገፍ አለብን፣ ኢኮኖሚው በናንተ ዓይነቱ ጓሮ አይነሳም ይላል። እኔ የሚታየኝ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የወደቀ፣ ሰው ደግፎ የሚያስነሳው ሽማግሌ ነበር። አዘንኩለት። ግን የኛ ጣጣ ይበልጥብኝ ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋን በሐሳቤ ማፈላለግ ያዝኩ። አርጅታለች፤ ግን ትንሽ ናት። ያረጀ ሰው እንዴት ትንሽ ይሆናል? ጠዋት ጎመን ስቀጥፍ መልሱ በራሱ ጊዜ መጣልኝ፤ ትንሽ ማለት አጭር ማለት ነው! በኛ ሰፈር ደግሞ ከእትዬ ፓምፕ የሚያጥር ትልቅ ሰው የለም። ፀጉሯ ሸብቷል። ባል የላትም። አባዬም ሰሞኑን በእሷ በኩል ሳያልፍ ቤቱ አይገባም።

እዚህ ላይ ሰፈራችንን ልንገራችሁ። ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ የጭቃ መንገድ አለ። የየቤተሰቡ መሬት መንገዱን ተከትሎ አንዱ ካንዱ ሥር ተደርድሯል፤ ጠባብ ጠባብ፣ በሽቦ አጥር የተለያየ። አስፋልቱ ጋ ያለው የኛ ነው፤ ከሁሉ ታች፣ ወንዙ ዳር ያለችው ደግሞ የእትዬ ፓምፕ። ባሏ ሲሞት የተረፋት ያቺ መሬትና አንድ የናፍጣ ፓምፕ ናቸው። ፓምፑን ራሷ ትፈታዋለች፣ ራሷ ትገጥመዋለች። ክንዷ ላይ የሞተሩ ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ ያቃጠለው ጠባሳ ነበራት፤ ልጆች ስንጠይቃት «አዞ ነው» ትለን ነበር።

ወንዙ ዳር ስደርስ ሞተሩን ፈታትታ ጆንያ ላይ ዘርግታዋለች። ከኋላዋ ቆምኩ።

«አንቺ ፓምፕ!» አልኳት።

ቀና አለች። «እትዬውን የት ጣልሽው?»

«አባቴን ልቀቂው።»

«ምን?»

«አባቴን ልቀቂው! አያቴ ቢሰጠውም ያኔ ነው። አሁን አርጅተሻል። ጉልበትሽ አልቋል። አጎቴ ነግሮታል።»

መፍቻው ከእጇ አመለጠ። ጀሪካን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሌላስ ምን አለ አለችኝ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። «ትንሽ ናት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቋ ፈነዳ። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋን ግራሶ በነካው የእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች፤ ፊቷ ጠቆረ። እኔ እንደ ጎረምሳ እግሬን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ሳቋ ያለቀው እማዬ ያለችውን ስነግራት ነው።

«እናትሽ እንዲህ አለች? ‹እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ› አለች?»

«አዎ።»

«በአፏ?»

«በአፏ።»

ተነሳች። እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ትከሻዬን ያዘችና ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን አዞረችኝ። «የአባትሽን ሴትዮ ላሳይሽ? ያቻትልሽ። ከሎሚዎቻችሁ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተዘርራ ተኝታለች። ዛሬ ጠዋት አንቺም ላይዋ ቆመሽ ጎመን ስትቀጥፊ አይቼሻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን መዘዙን ያመጣችው ራሷ መሬት ነበረች።

«ለማንም አልናገርብሽም» አለችኝ እትዬ ፓምፕ። «ግን ለስድቡ ካሳ ትከፍያለሽ። በየቤቱ ዙሪና ‹ዛሬ ከሥራ መልስ እትዬ ፓምፕ ጋ› በይ። ‹ባለሙያውም ይምጣ፤ ያለውን ፊት ለፊት ይበለን› ብላለች በይ።»

እየሮጥኩ ዞርኩ። ያኔ ሰው ሁሉ የተጠራው ለእኔ ስህተት መካሻ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እትዬ ፓምፕና እማዬ ነገሩን አረም እያረሙ ለብዙ ጊዜ ሲመክሩበት ቆይተዋል። መሥሪያ ቤቱ በኛ በኩል ያለውን አጥር ሁሉ አንስቶ አንድ ትልቅ እርሻ ሊያደርገው ነው፤ ምርቱ ለአዲስ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ደሞዝተኛ እንሆናለን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች ተስማምተዋል። በኛ በኩል ግን አንድ ሰው አፍ አውጥቶ «አይሆንም» እስኪል ሁሉም ይጠባበቅ ነበር። እማዬ ያን ዝናባማ ቀን ያለችው እሱን ነው። እትዬ ፓምፕ የሳቀችው በእኔ፣ የተነሳችው ግን በእማዬ ቃል ነበር።

የፓምፑ ቆርቆሮ ቤት ሰው ሞላው። ከናፍጣው ሽታ ጋር የላብና የእርጥብ ልብስ ሽታ ተቀላቅሏል። አጎቴ በሩ ጋ ቆመ፤ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ደጋግሞ ያያል።

«እኔ ጠላታችሁ አይደለሁም» ብሎ ጀመረ። «እዚሁ ነው ያደግኩት። ግን እውነቱን እንነጋገር። ፋብሪካ ቲማቲም የሚፈልገው በመኪና በመኪና ነው፤ በየቀኑ። ዛሬ ከዚህ ቤት ትንሽ፣ ነገ ከዚያ ቤት ትንሽ እየለቀመ ፋብሪካ አይቆምም። መሬታችሁ ትራክተር መዞሪያ እንኳ የለውም። ልጆቻችሁ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ከተማ እየሄዱ ነው። እናንተ ስታረጁ ማነው የሚያርሰው? እዚያ ደሞዝ አለ። ስትታመሙ ሕክምና አለ። ዝናብ ሲቀርም ደሞዙ አይቀርም።»

አጎቴ ውሸት አልተናገረም። ጢሞ የምንለው ጎረቤታችን፣ ላሞቹን የሚያልበው የልጆች አባት፣ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አየሁት።

«የናንተን ልፋት ሳልንቅ ነው» ብሎ ቀጠለ አጎቴ፣ ነገሩ እየተሳካ መስሎት። «ግን ከሀገሪቱ ምርት አንጻር ከዚህ የሚወጣው ከቁጥር አይገባም።»

ይቺን ባይላት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

እማዬ ከተቀመጠችበት ባልዲ ላይ ተነሳች። «ከቁጥር አይገባም?»

«እትዬ፣ እንዳይከፋሽ፤ በጥናቱ መሠረት…»

«አልከፋኝም። ለመረዳት ነው። ከቁጥር የማይገባ ነገር ቢጎድል አይታወቅም፤ አይደል?»

«እንዴት ማለት?»

«እንዲህ ማለት። ከነገ ጀምሮ አንልክም። ቲማቲምም፣ ሽንኩርትም፣ ወተትም። ከሒሳባችሁ ውስጥ ከሌለን ከገበያችሁም ውስጥ አንኑር። ማንም ልብ አይለውም።»

አንድ ሰው ከጥግ ሳቅ አለ። ሌላው ተከተለ። እትዬ ፓምፕ በመፍቻዋ የሞተሩን ገላ ቀጭ ቀጭ ታደርግ ጀመር። አባዬን አየሁት፤ አልሳቀም። ሚስቱን እንደ አዲስ ሰው ያያታል። አባዬ መሬቷን የሚወድ ሰው ነበር። እማዬ ግን የምትጣላላት ነበረች። ይህን ልዩነት ያኔ አልተረዳሁትም።

ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳው የጥጋብ ዘመን መጣ።

በፊት ቲማቲም መርጠን የምንበላው የተሰነጠቀውን ነበር፤ ደህናው ለገበያ ነው። አሁን ደህናውን በሁለት እጃችን ያዝን። ወተት እስኪያጥወለውለን ጠጣን። እማዬ በየድስቱ ቲማቲም ትቀቅላለች፣ በየጣራው ትዘረጋለች፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ቀላ። ካሮት ለጢሞ ላሞች እንሰጣለን፤ ላሞቹ እኛን ሲያዩ መሮጥ ለመዱ። በርሮ የመጣ ዝንብ፣ የኮመጠጠ ሽታ፣ ከእግር ሥር የሚፈርጥ ቀይ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጆች በሙሉ በበሰበሰ ቲማቲም ተደባደብን። ድሮ አንድ ቲማቲም ስንጥል የሚቆጣው አባዬ አጥር ተደግፎ ያየናል። ታናሽ ወንድሜ የወረወረው ደረቱ ላይ ፈረጠበት፤ አባዬም አንድ አንስቶ መልሶ ወረወረለት። ደስታው ነው ብዬ ነበር።

ደስታው አልነበረም። የዓመቱ ልፋቱ ነበር ዓይኑ ፊት የሚፈርጠው። እማዬ በኋላ ስትነግረኝ፣ ያን ሰሞን አባዬ አንድም ቀን ጎኑን አላሳረፈም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በረድፎቹ መሃል እየሄደ ፍሬውን በእጁ እየደባበሰ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ሲከፈት እኔና ወንድሜ ያለፈውን ዓመት ጫማ ጫፉን በምላጭ ቆርጠን፣ ጣታችንን አውጥተን ሄድን። እኔ ግን ያኔም ቢሆን ጫማውንና ቲማቲሙን አላገናኘኋቸውም።

ጢሞ አልቻለም። ልጆቹ ብዙ ናቸው። አንድ ጠዋት ጋሪውን ጭኖ፣ ከላይ በሣር ሸፍኖ ብቅ አለ። እማዬ መንገዱ ላይ ነበረች። አልተቆጣችውም፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጋሪው ላይ ወጣችና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ልትንሸራሸር መስሎኝ «እኔም! እኔም!» እያልኩ ሮጥኩ።

«ውረጂ እንጂ፣ የሰው ሚስት» አለ ጢሞ።

«አልወርድም። ልትሸጠን አይደል? እኔንም ሽጠኝ። ስንት እንደማወጣ ልይ።»

ጢሞ ልጓሙን እንደያዘ ሰደባት፤ አያቷንም ጨምሮ ሰደበ። ከዚያ ጋሪውን አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከኛ ጋር ሆነ፤ እኔ የጥጋቡ ዘመን ተጨማሪ በረከት አድርጌ ነው የቆጠርኩት።

መሥሪያ ቤቱም ዝም አላለም። የመስኖውን በር ዘጋው። ቦዩ ውስጥ ውሃው ጎደለ፣ ጭቃው ቀረ፣ ጭቃውም ተሰነጠቀ። ያኔ ነው እትዬ ፓምፕ ስሟን ያስመሰከረችው። ቱቦዋን ወንዙ ውስጥ ጣለች። ሰዉ ናፍጣ አዋጣ፤ ቱቦ ያለው ቱቦ፣ የሌለው ጉልበቱን አመጣ። ሞተሩ ዱክ ዱክ ዱክ እያለ ቀንም ሌትም ይመታል። ውሃው ከታች ወደ ላይ፣ ካንዱ አጥር ወደ ሌላው እየተሻገረ እኛ ጋ፣ አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። ሞተሩ ሲሞቅ እትዬ ፓምፕ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች፤ እንደ ታመመ ልጅ ታናግረዋለች። «በርታ፤ ነገ ታርፋለህ» ትለዋለች። ነገ ግን አያርፍም።

አንድ ቀን አጎቴ መጣ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ እጁ ላይ የተጣጠፈ ባዶ ከረጢት አለ። ሊጣላ መጣ ብዬ ከአባዬ ጎን ቆምኩ።

«ገበያው ባዶ ነው» አለ። ተቀመጠ። «ያለውም ዋጋው አይቀመስም። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት፣ የትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሎቹ… ኃላፊው በየሰዓቱ ይጠሩኛል። ‹ሽንኩርት የት ገባ?› ይሉኛል። እኔ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ?»

«ከረጢቱስ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

አጎቴ ጆሮው ቀላ። «ሚስቴ ናት። አንድ ሁለት ሽንኩርት…»

«ከቁጥር የማይገባውን?»

«እትዬ፣ በናትሽ።»

እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። እንቁላል በቲማቲምና በሽንኩርት ሠርታ ሞልታ አቀረበችለት። በላ፤ ጨመረችለት፤ በላ። ከረጢቱን ሲያነሳ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ነህ፤ የፈለግከውን ያህል ብላ። ሚስትህም ትምጣና ትብላ። ከዚህ በር ግን ሽንኩርት የሚወጣው በሆድ እንጂ በከረጢት አይደለም።»

አጎቴ ባዶውን ከረጢት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እየሳቀ ነበር የወጣው፤ ሳቁን እንዳናይበት ፊቱን አዙሮ። እኔ ያኔ ከሐዲ ነበር የምለው። ለካ ከእኛ ቤት በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ሄዶ «እነዚህ ሰዎች አይበገሩም፤ የወንድሜን ሚስት አላወቃችኋትም» ብሎ ተናግሯል። በሐሳባችን ተስማምቶ አልነበረም። እስከ ዛሬም አልተስማማም። ግን ያየውን አየሁ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ኃላፊው ራሳቸው መጡ። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ስለተያዘ የመጨረሻውን መንገድ በእግራቸው ወረዱ። በፓምፑ ቤት በር ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። ከንግግሩ የገባኝ መጨረሻው ነው፤ «በዚህ በኩል ያለው አጥር አይነካም። መስኖው ነገ ይከፈታል።» ሰዉ ጮኸ። አባዬ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ጢሞ እማዬን እጇን ይዞ አወዛወዛት።

ኃላፊው አንድ ነገር ጨመሩ። ለማዶው ትልቅ እርሻ የውሃ መሳቢያ ስለሚሠራ ከወንዙ ዳር ያለው ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ይወሰዳል፤ ለቦታው ባለቤትም ከተማ ውስጥ ክፍል ይሰጣታል። በጩኸቱ መሃል ስለተናገሩት ብዙ ሰው አልሰማም። እኔ ከአባዬ ትከሻ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ፣ እትዬ ፓምፕ እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋችው። ንግግሩ እንዲሰማ ብላ መሰለኝ። ጨዋነቷ ደስ አለኝ።

ከሁሉ ቀድማ የገባት እሷ ነበረች። ያዳነን ወንዙ ዳር ያለው ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ የተወሰደው ወንዙ ዳር ነው። አጥራችን ሳይነካ የቀረበትን ዋጋ አንድ ሰው ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። ብዙዎቻችን ደግሞ እያጨበጨብን ነበር።

እትዬ ፓምፕ ክፍሉን ሄዳ አየችው። እማዬ አብራት ሄዳ ነበር፤ እኔንም አስከተለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አዲስ ቀለም የሚሸት፣ ንጹሕ ክፍል ነው። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃው ፏ… ብሎ ወረደ። እኔ በጣም ወደድኩት። እትዬ ፓምፕ ቧንቧውን ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው፤ ዘጋችው።

«የሚበላሽ ነገር የለውም» አለች። «እዚህ ምን ልሠራ ነው?»

ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ተወችው። ተመልሰን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች፤ መሬታችንን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምታሰላ አላወቅኩም።

ዛሬ ያንን መሬት የምናርሰው እኔና ወንድሜ ነን። ማዶ ያለው ትልቅ እርሻ ለዓመታት ጥሩ ሠርቷል፤ ከማዶ ልጆች መሃል በደሞዙ የተማሩ፣ ቤት የሠሩ አሉ። ከዚያ ፋብሪካው ከሰረና ተዘጋ፤ እርሻውንም አረም ወረሰው። አጎቴ አርጅቶ ጡረታ ወጥቷል። «አስተዳደሩ ነው እንጂ ሐሳቡ አልከሸፈም» ይለኛል። «እኛስ ከሸፍን?» እለዋለሁ። «እናንተን ማንም አልለካችሁም» ይለኛል። አሁን ደግሞ አዲስ ጥናት መጥቷል፤ አዲስ ባለሙያዎች አጥራችንን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ነው። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግን ለልጆቼ የምነግራቸው ለዚህ ነው።

ያደረግነው ይህን ነው። ከመኸሩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ አጥሩን ነቀለ። የተጀመረው ከኛ ነው፤ ሐሳቡ የእማዬ ስለነበር። የኛ የታችኛው አጥር ትንሽ ወደ ላይ ወጣ። ከኛ ቀጥሎ ያለው ከኛ የወሰደውን ያህልና ትንሽ ጨምሮ ለታችኛው ጎረቤቱ ለቀቀ። እንዲያ እንዲያ እያለ ወረደ፤ እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ ጠበበ፣ ሁሉም ወደ ላይ ተገፋ፤ ከታች፣ ከተወሰደው ዳርቻ በላይ፣ የአንድ ሰው መሬት ተከፈተ። ማንም ሳይወድ አልሰጠም ብል ውሸት ነው፤ ጢሞ ሲያጉረመርም ውሏል። አባዬም እኔ ስወለድ የተከላቸው ሎሚዎች ከአጥሩ ወዲያ፣ ጎረቤት ጋ ሲቀሩ አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

እኔ ካስማ አቀባይ ነበርኩ። እትዬ ፓምፕ የገመዱን ጫፍ ይዛ ቆማለች፤ ቀና ብላ ማንንም አታይም።

አጎቴ የደረሰው በዚህ መሃል ነው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«አጥር እናዛውራለን» አለች እማዬ።

ወደ ታች አየ፤ ወደ ላይ አየ፤ ገባው። እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እብዶች! ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ፣ ጭራሽ ታሳንሱታላችሁ? ትራክተር አይዞርበትም ብዬ ነበር፤ አሁን እኮ ጋሪም አይዞርበትም! ደግሞ በሕግም መቆራረስ ክልክል ነው!»

«ሕጉ ይምጣና አጥሩን ይመልስ» አለች እማዬ። «እስከዚያው ካስማው ይተከላል።»

ሰዉ ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። የምሩን ነበር የተናደደው፤ የተማረው ሁሉ ዓይኑ እያየ ሲገለበጥ። ሊሄድ ዞረ። ያኔ አባዬ ዶማውን ወደ ታናሽ ወንድሙ ዘረጋው።

«ያዝ» አለው።

«እኔ በዚህ አላምንም፣ ወንድምዓለም።»

«ማን እመን አለህ? ቆፍር ነው ያልኩህ።»

አጎቴ ዶማውን አየው፤ እትዬ ፓምፕን አያት። ኮቱን አውልቆ እኔ እጅ ላይ ጣለው። «ስታሳንሱት እንኳ በሥርዓት አሳንሱት» አለ። «ገመዱ ጠማማ ነው። ወጥሩት!»

እትዬ ፓምፕ ገመዱን ወጠረችው። አጎቴ መቆፈር ጀመረ፤ ዶማውን ባነሳ ቁጥር ያጉረመርማል። ሀገር እንዲህ አይለማም። ሳይንስ አይደለም። ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

«ባለሙያው» አለችው እትዬ ፓምፕ። «አንተ ብቻ አጥልቀህ ቆፍር። ብዙ እንዲቆይ ነው የምንፈልገው።»

እያጉረመረመ አጥልቆ ቆፈረ።